መርከቦቹን በቤላ ስቴና ያስቆሙት ካፒቴን ቡዲሚር ዛሪች

የተከበራችሁ ቀባሪዎች፣ ከወንዙ ማዶና ከወዲህ የመጣችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የመርከብ ባልደረቦች፤ ካፒቴን ቡዲሚር ዛሪችን ወደ መጨረሻ ማረፊያቸው ከማውረዳችን በፊት፣ እግዚአብሔር በሰጣቸው ሰባ ሰባት ዓመት ምን እንደሠሩና እንዴት እንደኖሩ በአጭሩ እናስባለን። ረጅም ንግግር የማይወዱ ሰው ስለነበሩ፣ ከረዘመብን ይቅርታ የምንለው እርሳቸውን ነው።

ካፒቴን ቡዲሚር ከአባታቸው ከአቶ ስቴቫን ዛሪችና ከእናታቸው ከወይዘሮ ያግሊካ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ ዛሬ ከውኃ በታች ባለችው በአሮጌዋ ቤላ ስቴና፣ ከገበያው ሦስተኛ በሆነው ቤት ተወለዱ። አባታቸው መርከቦችን በጠባቡ ሸለቆ ውስጥ በአለቶች መካከል እየመሩ የሚያሳልፉ የወንዝ መሪ ነበሩ፤ የቪየናም ሆነ የቡዳፔስት ካፒቴን እዚህ ሲደርስ ኮፍያውን አውልቆ መሪውን ለአቶ ስቴቫን ያስረክብና አለቶቹ እስኪያልቁ ድረስ አፉን ዘግቶ ከጎን ይቆም ነበር። እናታቸው ደግሞ ባላቸው በሰላም እስኪመለሱ ድረስ እህል የማይቀምሱ ሴት ነበሩና፣ ካፒቴን ቡዲሚር በልጅነታቸው ምሳ የሚባለውን ነገር የሚያውቁት መርከቡ ሲያልፍ ብቻ እንደነበረ እየሳቁ ያጫውቱን ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በከተማይቱ ትምህርት ቤት ገብተው ስምንት ዓመት የተማሩ ሲሆን፣ የክፍላቸው መስኮት ወደ ዳኑብ ስለሚያይ አስተማሪያቸው በየዓመቱ ማለቂያ ላይ «ልጁ ጤነኛ ነው፤ ዓይኑ ግን ክፍል ውስጥ የለም» እያሉ ለወላጆቻቸው ይጽፉ ነበር። ከዚያም ወደ ቤልግሬድ ሄደው በወንዝ መርከብ ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ተምረው በመሪ ያዥነት ተመረቁ።

በ1970 ግድቡ ሲያልቅና ውኃው እየተኛ ሲመጣ፣ ከተማችን ቤት በቤት እየተነቀለች ወደዚህ ወደ ኮረብታው ወጣች። በሮቻችንን፣ ደወላችንንና የአባቶቻችንን አፅም ተሸክመን ነው የመጣነው፤ ዛሬ በቆምንበት በዚህ መቃብር መጀመሪያ ያረፉት ሁለተኛ ጊዜ የተቀበሩ ሰዎች ናቸው። አለቶቹ ሲሰጥሙ የአቶ ስቴቫን ሙያም አብሮ ሰጠመ፤ መርከቡ ሁሉ ያለ መሪ የሚያልፍበት ሰፊ ሐይቅ ሆነና። ሆኖም ውኃው ከመምጣቱ በፊት በነበረው የመጨረሻ ክረምት አባትና ልጅ ባዶዋን ከተማ በእርምጃ ለኩ፤ ከገበያው እስከ ትምህርት ቤቱ፣ ከትምህርት ቤቱ እስከ ቄሱ አትክልት፣ ከቄሱ አትክልት እስከ ወፍጮ ቤቱ ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ የትኛው ግድግዳ እንደፈረሰና የትኛው እንደቀረ አንድ በአንድ አስተውለው በደብተር ያዙ። ሰው ሲስቅባቸው አቶ ስቴቫን፣ ካርታ የሚሠሩት ሰዎች የእኛን ግድግዳ አይጽፉልንም ብለው ይመልሱ እንደነበር ካፒቴን ቡዲሚር ነግረውናል።

ከዚህ በኋላ ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል በጎታች መርከብ ላይ አገለገሉ። የጭነት ጀልባዎችን እያስከተሉ ከሬገንስበርግ እስከ ሱሊና፣ ከጀርመን ተራራ እስከ ጥቁር ባሕር አፍ ድረስ ተመላለሱ፤ በሠላሳ ሦስት ዓመታቸውም ካፒቴን ሆኑ። ጀርመንኛን የተማሩት ከመርከቡ ወጥ ቤት ስለነበር፣ እስከ መጨረሻው በዚያ ቋንቋ ሲናገሩ ትእዛዝና ምግብ ይበዛበት ነበር።

ትዳራቸውም ከዚሁ ሥራ የመጣ ነው። በየደረሱበት ወደብ ለእናታቸው ስልክ ሲደውሉ መስመሩን የሚያገናኙት የፖስታ ቤታችን ሠራተኛ ወይዘሮ ሌፖሳቫ ነበሩ፤ እናታቸው ወይዘሮ ያግሊካ «ይህ ልጅ በሳምንት ሦስት ቀን ይደውላል፣ እኔን ግን ደኅና ነሽ ወይ ብሎ ይዘጋል፤ የቀረውን ጊዜ ከማን ጋር ነው የሚያወራው?» ብለው ፖስታ ቤት ድረስ ወርደው ከጠየቁ በኋላ ነገሩ ሊደበቅ አልቻለም። በ1972 አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው ሳያልቅ፣ ዝናብ እየዘነበባቸው በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። ዳሪንካን፣ ኔናድንና ስቴቫንን ወለዱ። ትንሹ ስቴቫን በአራት ዓመቱ በትኩሳት ዐረፈ፤ በዚያን ጊዜ ካፒቴን ቡዲሚር ሱሊና ላይ ነበሩና ለቀብሩ አልደረሱም። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ሲናገሩ አልሰማንም። በየዓመቱ በታኅሣሥ፣ በቤታቸው ጠባቂ በቅዱስ ኒቆላዎስ ዝክር፣ ወይዘሮ ሌፖሳቫ የስንዴውን ንፍሮ ሲቀቅሉ የሙታኑን ስም አንድ በአንድ ሲጠሩና የልጃቸው ስም ላይ ሲደርሱ፣ ካፒቴን ቡዲሚር ከሚሠሩት ሥራ ሁሉ ተነሥተው መጥተው ከምድጃው አጠገብ ይቆሙ ነበር።

በዘጠናዎቹ ዓመታት የማዕቀቡና የጦርነቱ ዘመን ሲመጣ ጎታች መርከባቸው ታስሮ ቀረ፤ ድልድዮች ወንዙ ውስጥ ወድቀው መንገዱ ተዘጋ። በእነዚያ ዓመታት ካፒቴን ቡዲሚር ዓሣ እያጠመዱ ቤታቸውን አስተዳደሩ። ወንዙ ዳግመኛ ሲከፈት ጥቂት ጊዜ ሠርተው በ2006 ጡረታ ወጡ፤ እኛ ዛሬ የምንኮራበት ሥራቸው የጀመረው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

በዚያን ጊዜ የሽርሽር መርከቦች መመላለስ ጀምረው ነበር። ነጫጭና ረጃጅም፣ መስኮታቸው ከዳር እስከ ዳር የሚያብለጨልጭ መርከቦች ከፓሳው ተነሥተው ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ከባሕር መርከብ የወረዱ ተጓዦችም በጥቁር ባሕሩ ወደብ በኮንስታንሳ በኩል እየተሳፈሩ ሽቅብ ይመጣሉ። በቤላ ስቴና ፊት ግን የሚቆም አልነበረም። ተጓዦቹ እጃቸውን ያውለበልባሉ፣ እኛም እናውለበልባለን፣ በዚያው ያልቃል። ከተማይቱ እየሞተች ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ዘጠኝ ተማሪ ቀርቶ፣ ወጣቱ ሁሉ ወደ ቪየናና ወደ ሊንዝ ሄዶ፣ ቤቶች መጋረጃቸው እንደተዘጋ ዓመት ይሞላቸው ነበር። ካፒቴን ቡዲሚር ይህን እያዩ፣ በደጃችን የሚያልፍ ሰው እጁን አውለብልቦ ከሄደ ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ግባ አላልነውም ይሉ ነበር።

አንድ ያረጀ የጭነት ጀልባ ቀፎ ለምነው አምጥተው፣ ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ሁለት ክረምት ዝገቱን ፍቀውና ቀለም ቀብተው ተንሳፋፊ ማረፊያ አደረጉት። ይሁን እንጂ ማረፊያ ብቻውን መርከብ አያመጣም፤ ካፒቴን ወደማያውቀው ዳርቻ አይጠጋም። ስለዚህ ካፒቴን ቡዲሚር በየማለዳው በትንሿ ታንኳቸው ወጥተው ጥልቀቱን በገመድ ይለኩና ነፋሱን አይተው፣ በመርከብ ሬዲዮ ወንዙ ላይ ላለው ሁሉ ይናገሩ ጀመር። ቤላ ስቴና ነው፤ ነፋሱ እንዲህ ነው፤ የድሮው ገበያ ላይ ስድስት ሜትር ነው፤ መልሕቅ ይይዛል፤ ወፍጮ ቤቱ ላይ አትጠጉ፣ ግድግዳው ቆሟል። አራት ዓመት ሙሉ፣ ከበዓል ቀን በቀር፣ አንድም ቀን አላቋረጡም፤ አንድም መርከብ አልቆመም። የልጆቻቸው የክርስትና አባትና የሕይወት ዘመን ወዳጃቸው፣ የወንዝ ዳሩ መጠጥ ቤት ባለቤት አቶ ቪቶሚር፣ ከደጃፋቸው ሆነው ይህን ሲሰሙ «አበልጄ፣ ከሰጠሙት ጎረቤቶቻችን ነው ወይስ ከዓሣዎቹ ጋር የምታወራው? ሰላም በልልኝ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በ2012 በቅዱስ ኒቆላዎስ ዕለት ኮሻቫ የሚባለው የወንዛችን ብርቱ ነፋስ ተነሣ። ኮሻቫ በዚህ ሸለቆ ሲነፍስ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግርም። ወደ ላይ ይጓዝ የነበረ አንድ የሽርሽር መርከብ መቶ አሥራ ሁለት ተጓዦች ጭኖ መቀጠል አቃተው፤ ካፒቴኑ የብራቲስላቫው ኦንድሬይ በሬዲዮ፣ በየማለዳው የምትናገር ሰውዬ፣ ገበያው ላይ አሁንም መልሕቅ ይይዛል ወይ ብሎ ጠየቀ። ይይዛል አሉት። በእኩለ ቀን መርከቡ ከማረፊያችን ጋር ታሰረ።

ተጓዦቹ የነፋሱ መናወጥ ሲሰለቻቸው ሁለት ሽማግሌዎች፣ ባልና ሚስት፣ ከመርከቡ ወርደው በሩ ክፍት ወደሆነው የመጀመሪያ ቤት ገቡ። ያ ቤት የዛሪች ቤት ነበር። በዝክር ቀን ማንም አይጠራም፣ የመጣም አይመለስም፤ ስለዚህ ማን ናችሁ ሳይባሉ ሻማው ከበራበት ገበታ ተቀመጡ። ከእነርሱ በኋላ አሥር መጡ፣ ከዚያም ሃያ። በዚያ ቀን ቅዱሱን የሚዘክሩ አሥራ አራት ቤቶች ነበሩና፣ ወይዘሮ ሌፖሳቫ በየቤቱ ልጆቻቸውን ልከው መቶ አሥራ ሁለቱን እንግዶች አከፋፈሏቸው። ጾም ስለነበር ዓሣ፣ ባቄላና ጎመን ነበር የቀረበው። ሳህን ባዶ ከሆነ ይሞላል እንጂ እንደማይነሣ ያልነገርናቸው ሽማግሌው የግራዝ ሰው፣ ነውር እንዳይሆንባቸው የቀረበላቸውን ሁሉ እየጨረሱ አምስት ጊዜ በሉ፤ ስድስተኛው ሲመጣ ፊታቸው ላብ በላብ ሆኖ ካፒቴን ቡዲሚርን በዓይናቸው ሲለምኑ፣ ጥቂት ማስቀረት መጥገብ እንደሆነ በወጥ ቤት ጀርመንኛ ተነገራቸው። ማታ ወደ መርከቡ ሲመለሱ ዘፈን የማያውቁ ሰዎች ሲያንጎራጉሩ ሰማን።

በየካቲት የመርከቡ ባለቤት ከሆነው ኩባንያ ደብዳቤ ደረሰ። ከመጪው ጸደይ ጀምሮ በየዓመቱ አርባ ስድስት ጊዜ በቤላ ስቴና እንቆማለን የሚል ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። ተጓዦቹ ያን ቀን እንዳዩት ሁሉ፣ መርከብ በቆመ ቁጥር በየቤቱ ዝክሩ ይደረግላቸው፤ ሻማው ይብራ፣ ዳቦው ይቆረስ፣ ንፍሮው ይቅረብ፤ ለዚህም ኩባንያው ለእያንዳንዱ ቤት ይከፍላል። ከተማው በደስታ ሰከረ። አርባ ስድስት መርከብ ማለት ትምህርት ቤቱ አይዘጋም ማለት ነው፤ ልጆች ከሊንዝ ይመለሳሉ ማለት ነው።

ካፒቴን ቡዲሚር አይሆንም አሉ።

በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። የዚያ ቀን ነገር ዛሬም የሚያስታውሱ እዚህ ብዙ ናቸው። አራት ዓመት መርከብ ሲለምኑ የኖሩ ሰው መርከቡ ሲመጣ በሩን ይዘጋሉ ወይ ብለው ሰዎች ተቆጡ፤ እንዲያውም ለራሳቸው ክብር ነው ያሉም ነበሩ። አቶ ቪቶሚር ተነሥተው፣

«አበልጄ፣ ቅዱስ ኒቆላዎስ የመርከበኞች ጠባቂ ነው። መርከብ ብናመጣለት ይከፋዋል እንዴ?» አሏቸው።

«መርከቡን ይወዳል» አሉ ካፒቴን ቡዲሚር፤ «በሳምንት አንድ ቀን ዘክሩኝ ብሎ ግን አልጠየቀንም።»

ሰው ሳቀ፤ ነገሩ ግን አልበረደም። አንዱ፣ ዳቦ ዳቦ ነው፣ ቢቆረስ ምን ይሆናል አለ። ሌላው፣ ካፒቴኑ ጡረታ ስላላቸው ነው አለ። በዚህ ጊዜ በስብሰባ ተናግረው የማያውቁት ወይዘሮ ሌፖሳቫ ከኋላ ወንበር ተነሡ።

«ንፍሮውን የምቀቅለው ለሙታኔ ነው። ስማቸውን እየጠራሁ ነው የምቀቅለው። በሐምሌ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ የልጄን ስም ለማን ስል ልጥራ?»

ከዚያ በኋላ ሰው ወንበሩን እየገፋ ወጣ፤ ነገር ግን ማንም አልተስማማም። አሥራ ሦስቱ ቤቶች እሺም እምቢም ብለው አልጻፉም። ያለ ዛሪች ቤትና ያለ ዛሪች ሬዲዮ መርከቡ እንደማይመጣ ሁሉም ያውቅ ነበርና፣ ካፒቴን ቡዲሚር እምቢታቸውን ጽፈው ሲልኩ ከተማው ጥፋቱን ሁሉ በእርሳቸው ላይ ጣለ። ኩባንያው መልስ አልሰጠም። ያ ዓመት ሲያልፍ መርከቦቹ እንደ ቀድሞው እያውለበለቡ አለፉ፤ ትምህርት ቤቱም አንድ ክፍል ብቻ ቀረው። ሰው መንገድ ላይ ሰላም አይላቸውም ነበር። በታኅሣሥ ዝክሩ ሲደርስ በሩ እንደ ልማዱ ተከፈተ፤ አቶ ቪቶሚር ግን አልመጡም። አበልጅ ሳይጠራ የሚመጣ ሰው ነውና፣ ሲቀር ምክንያቱ አይጠየቅም። ካፒቴን ቡዲሚር የእርሳቸውን ወንበር ማንም እንዳይቀመጥበት አድርገው እስከ ምሽት ጠበቁ፤ ከዚያም እንደ ዝክሩ ሥርዓት ሻማውን በወይን ጠጅ አጠፉ። በማግሥቱ ጠዋት እንደ ወትሮው ታንኳቸውን ገፍተው ወጥተው ጥልቀቱን ለኩ። ለምን ተብለው ሲጠየቁ፣ ውኃው አላስቀየመኝም አሉ።

በተከተለው ሚያዝያ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ኮሻቫው እንደገና ተነሣ። የኦንድሬይ መርከብ አንድ ሞተሩ ተበላሽቶ በአንዱ ብቻ እየታገለ ነበር፤ ነፋሱ ወደ ዳርቻው፣ ወደ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ይገፋው ጀመር። ውስጡ መቶ ሠላሳ ሰው ነበረ። ኦንድሬይ በሬዲዮ የጠራው ሌላ ማንንም አይደለም፤ የቤላ ስቴናው ሰውዬ፣ አለህ ወይ ብሎ ጠራ። ካፒቴን ቡዲሚር ጉንፋን ይዟቸው አልጋ ላይ ነበሩ፤ ሬዲዮውን ይዘው በካልሲ ወደ ውኃው ዳር ወረዱ።

«ኦንድሬይ፣ ካርታህን ተወው፤ እኔን ስማ። አሁን የቄሱ አትክልት ላይ ነህ። ትምህርት ቤቱ ጋ እስክትደርስ የመርከቧን አፍንጫ ወደ እኔ አድርግ፤ ከዚያ በገበያው መንገድ ትገባለህ።»

እንዲህም አድርገው መቶ አሥር ሜትር የሚሆነውን መርከብ በወጣትነታቸው ደብተር ይዘው በሄዱበት መንገድ፣ በግድግዳዎች መካከል፣ እርምጃውን እየቆጠሩ አስገቡት። አባታቸው በአለቶቹ መካከል ያደርጉት የነበረውን ነው ያደረጉት፤ ይህን ያዩ ሽማግሌዎች ያለቅሱ ነበር። ከማረፊያው ላይ የመጀመሪያውን ገመድ የያዙት አቶ ቪቶሚር ነበሩ፤ መቼ እንደወረዱ ማንም አላየም፣ የመጠጥ ቤት ሽርጣቸውን እንኳ አልፈቱም ነበር። ገመዱ ከታሰረ በኋላ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ፣

«ለዝክሩ ሳልመጣ ቀርቻለሁ» አሉ አቶ ቪቶሚር።

«አሁን ሚያዝያ ነው፤ የሚቀመስ ንፍሮ የለኝም» አሉ ካፒቴን ቡዲሚር። «አንተ ጋ ግን ሾርባ አለ። እነዚህ ሰዎች በርዷቸዋል።»

መቶ ሠላሳው ሰው በአቶ ቪቶሚር ቤት በትልቅ ድስት የተሠራ፣ በርበሬ የበዛበት የዓሣ ሾርባ ጠጣ፤ የጠጣውንም ከፈለ፤ መጠጥ ቤት ነውና ክፍያው ማንንም አላሳፈረም። ሾርባው እስኪወጣ ድረስ ካፒቴን ቡዲሚር በመስኮቱ በኩል እያሳዩ ከውኃው በታች ያለችው ከተማ እንዴት እንደነበረች፣ የትኛው መንገድ ወዴት እንደሚወስድ ነገሯቸው። ሰዎቹ ምግቡ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አዳመጡ።

ከሁለት ወር በኋላ ኩባንያው እንደገና ጻፈ። በዚህ መስመር የሚሠሩ ዘጠኝ ካፒቴኖች ተፈራርመው፣ በኮሻቫ ጊዜ መርከብ የምናስጠጋበት የታመነ ቦታ ቤላ ስቴና ብቻ ነው፤ እዚያም ጥልቀቱን የሚነግረን ሰው አለ ብለው አመልክተው ነበር። ኩባንያው ዝክሩን ትቶ፣ ተጓዦቹ የሰጠመችውን ከተማ ታሪክ እንዲሰሙ፣ በወንዙ ዳር ሾርባ እንዲበሉ፣ ሸለቆውን ከላይ ወደሚያሳየው ገደልም በእግር እንዲወጡ ብቻ ጠየቀ። ካፒቴን ቡዲሚር ይህን ተቀብለው፣ ውሉ ላይ አንድ ነገር እንዲጨመር አደረጉ፤ በዝክርና በትንሣኤ ቀን ለመርከብ የሚሰናዳ ዝግጅት የለም፤ የመጣ ሰው እንደ እንግዳ ይገባል፣ ዋጋም አይከፈልም። የኩባንያው ጠበቃ እንዲህ ያለ ነገር በውል እንዴት እንደሚጻፍ ሦስት ጊዜ መልሶ እንደጠየቀ እናስታውሳለን።

በመጀመሪያው ዓመት ሰባት መርከብ ቆመ። በቀጣዩ አሥራ ዘጠኝ። ባለፈው ዓመት ሃምሳ ስምንት። ከወንዙ በላይና በታች ያሉ ከተሞች ሰዎቻቸውን ልከው ከካፒቴን ቡዲሚር ተማሩ፤ የማረፊያ ቦታቸውንም እርሳቸው በታንኳ እየዞሩ ለክተው መረጡላቸው። የአገሪቱ የወንዝና የባሕር መርከብ ጉብኝት ዕቅድ ሲወጣ ወደ ቤልግሬድ ተጠርተው፣ የካፒቴን ጃኬታቸውን ለብሰው በትልልቅ ሰዎች ፊት ቆሙ። አንዱ ባለሥልጣን፣ ባሕር የሌላት አገር ስለ ባሕር ተጓዥ ምን ታወራለች ብሎ ሲናገር፣ ካፒቴን ቡዲሚር፣ ባሕር የለንም ብለን ስናለቅስ ባሕሩ ራሱ በወንዙ ሽቅብ ሰው እየላከልን ነው፤ በሩን የሚከፍት ሰው ነው የጎደለው ብለው መለሱለት። ዛሬ ትምህርት ቤታችን አርባ አንድ ተማሪ አለው። ሰባት ቤተሰብ ከውጭ ተመልሷል።

እርሳቸው ጻድቅ ነበሩ አንልም፤ ቢሰሙን ይቆጡ ነበር። ግትር ነበሩ። ሬዲዮው ላይ የሚሰድቡትን የሚያውቁ ካፒቴኖች እዚህ ቆመዋል። የዳሪንካ ሠርግ ቀን መርከብ መጣ ብለው ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ሄደው ከፎቶግራፉ ውስጥ ቀርተዋል፤ ዳሪንካ ይህን ይቅር ለማለት ብዙ ዓመት ፈጅቶባታል፤ ይቅር ብላለች። በእርጅናቸው ግን ልባቸው ለሰለሰ፤ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በወይዘሮ ሌፖሳቫ ክንድ ተደግፈው ወደዚህ ይወጡና ከትንሹ ስቴቫን መቃብር አጠገብ ይቀመጡ ነበር።

ካለፈው ዓመት ክረምት ጀምሮ ልባቸው ደከመ። ሐኪሞች ደረጃ እንዳይወጡ ከለከሏቸው፤ ደረጃውን አቆሙ፣ ታንኳዋን ግን እስከ መስከረም አላቆሙም። ከዚያም ሥራውን ለልጃቸው ለኔናድ አስረከቡ። በመጨረሻው ሳምንት ቄሳችንን አስጠርተው ኑዛዜ ገብተው ቅዱስ ቁርባን ተቀበሉ። ማክሰኞ ጠዋት፣ ባለቤታቸው የእጃቸውን ጣት እንደያዙ፣ ምንም ሳይታገሉ ዐረፉ።

ዛሬ ሁለት መርከቦች ማረፊያው ላይ ጎን ለጎን ታስረዋል። ጠዋት የተጓዦቹ ኃላፊ ወደ ቤት መጥታ፣ ሰዎቹ ስለ ካፒቴኑ መሞት ሰምተው የቀብሩን ሥርዓት ማየት እንደሚፈልጉ፣ ይፈቀድ እንደሆነ በትሕትና ጠየቀች። ኔናድ ከመመለሱ በፊት፣ በር ላይ እንጨት ይፈልጡ የነበሩት አቶ ቪቶሚር መለሱላት።

«ለመቅበር ከሆነ ይምጡ። ለማየት ከሆነ ነገ ይምጡ።»

ካፒቴን ቡዲሚር የሚከተሉትን ትተው ሄደዋል፤ ሃምሳ አንድ ዓመት አብረዋቸው የኖሩትን ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሌፖሳቫን፤ ልጆቻቸውን ዳሪንካንና ኔናድን፤ ይህን እንድታነብ የታዘዘችውን ምራታቸውን ሚሊያናን፤ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፤ እኅታቸውን ወይዘሮ ስታንካን፤ አበልጃቸውን አቶ ቪቶሚርን፤ ካፒቴን ኦንድሬይንና በወንዙ ላይ ድምፃቸውን ሰምተው ያደሩ ባልደረቦቻቸውን ሁሉ። ከእኛም በስተኋላ፣ ከዛፎቹ ሥር፣ ኮፍያቸውን አውልቀው የቆሙ ሃያ ስድስት ሰዎች አሉ፤ አንዱም ካሜራ አልያዘም። ስማቸውን አናውቅም፤ ለመቅበር የመጡ ናቸውና ከእኛው ጋር ተቆጥረዋል።

ወንዙን የፈጠረ፣ ነፋሱን የሚያዝ አምላክ የአገልጋዩን የቡዲሚርን ነፍስ ተቀብሎ ነፋስ በማይደርስበት፣ መልሕቅም በማያስፈልግበት ጸጥታ ያሳርፋት፤ ከልጃቸው ጋር ያገናኛቸው፤ ለወይዘሮ ሌፖሳቫ መጽናናትን፣ ለእኛም የያዝነውን ሳናረክስ እንግዳ የምንቀበልበትን ልብ ይስጠን። አሜን።